ማስጠንቀቂያው ከግድያው ይቀድማል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

ስለ ቃየል ስናነሣ የምናስታውሰው አቤል ከሞተ በኋላ የቀረበለትን ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር ግን ቀድሞም ጠይቆት ነበር፤ ፊቱ መጥቆሩን አይቶ ስለ ምን እንደ ተናደደ ጠየቀው፤ ኃጢአት በደጁ ማድባቷንም አስጠነቀቀው (ዘፍ. 4፥6-7)።

በአሜሪካ በትምህርት ቤቶችና በቤተ እምነቶች የሚፈጸመው የጅምላ ግድያም ብዙውን ጊዜ ምልክት አለው። የአገሪቱ ሴክሬት ሰርቪስ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2000 በትምህርት ቤቶች የተፈጸሙ 37 ጥቃቶችን መርምሮ፣ በአብዛኞቹ የአጥቂውን ሐሳብ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ አረጋግጧል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛ ወይም እኩያ። በፍሎሪዳ ፓርክላንድ የካቲት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. 17 ሰዎች በተገደሉበት ጥቃት፣ ስለ ገዳዩ የሚያስጠነቅቅ ጥቆማ ለኤፍ ቢ አይ የደረሰው ከ40 ቀን በፊት ነበር። ጥቆማው ግን ለአካባቢው ቢሮ አልተላለፈም።

ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ መሣሪያ የመግዣውን ዕድሜ ወደ 21 ከፍ አደረገች፤ አደገኛ ከሆነ ሰው እጅ መሣሪያ ለጊዜው እንዲወሰድ ፖሊስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንዲችልም ፈቀደች። ብዙ ምእመናን በሚኖሩባት ሜሪላንድ ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ዘመድና ሐኪም ጭምር ይህንኑ ራሳቸው ማመልከት ይችላሉ። ትእዛዙ የወንጀል ክስ አይደለም። በቨርጂንያ ግን አመልካቹ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ቤተሰብ ወደ እነርሱ መሄድ ይኖርበታል።

እኛን የሚያሳስበን ገበናችን እንዳይወጣ ብለን ዝም ማለታችን ነው። ልጁ ከሰው ርቆ ስለ መግደልና ስለ መሞት ደጋግሞ ሲናገር፣ መሣሪያም ሲሰበስብ እያየ «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ቤተሰብ ልጁን አልጠበቀውም። (የአእምሮ ሕመም ያለበት ሁሉ አደገኛ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን፤ አብዛኞቹ ሕሙማን ማንንም አይጎዱም።) ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪምም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ደግሞም የንስሐ አባት በኑዛዜ የሰሙትን ምስጢር ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ «ለአባ ነግሬያለሁ» ማለት ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አይደለም። ቤተሰብ በዐይኑ ያየውን እንዳይናገር ግን የሚያግደው የኑዛዜ ምስጢር የለም። ጥቃቱ የቀረበ ከመሰለም ፍርድ ቤት እስኪከፈት ሳይጠበቅ ወደ 911 መደወል ይገባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።