የካርቱም የጥበብ ፊልም በዲስክ

የጥበብ ፊልም የሚባለው ታሪክን በንግግርና በድርጊት ከመተረክ ይልቅ ሐሳቡን በምስል፣ በድምፅና በጊዜ ርዝመት የሚያደርስ የፊልም ዓይነት ነው። ጀግናና ጠላት ላይኖሩት ይችላል፤ መጨረሻውም ሁሉን ነገር አይፈታም። ካርቱም በዚህ ዘርፍ ከ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የታወቁ ሠሪዎችን አፍርታለች። ፊልሞቻቸው አጫጭር ናቸው፤ ይበልጥ ከሚታወቁት አንዳንዶቹም ንግግር የላቸውም፣ ወይም ያላቸው እጅግ ጥቂት ነው። የተሠሩት በጨለማ አዳራሽና በሰፊ ሸራ እንዲታዩ ነበር። ሲኒማ ቤቶቹ ሲዘጉ ግን ሥራዎቹ ከተመልካች ዓይን ራቁ፤ ዛሬ ወደ ሰው ቤት ከሚገቡባቸው መንገዶች አንዱ ዲስክ ነው።

ሠሪዎቹ

የዚህ ፊልም ዋና ቤት በአረብኛ «ጀማዓት አል ፊልም አስ ሱዳኒ» የሚባለው የሱዳን ፊልም ቡድን ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ኢብራሂም ሻዳድ፣ ሱሌይማን ኤልኑርና ኤልጣይብ ማህዲ ይገኛሉ። ሦስቱ የተማሩት በሦስት የተለያዩ አገሮች ነው፤ ሻዳድ በምሥራቅ ጀርመን ባቤልስበርግ፣ ኤልኑር በሞስኮ፣ ማህዲ በካይሮ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በባህል ሚኒስቴር የፊልም ክፍል ሠሩ፤ በ1978ም «ሲኒማ» የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ።

በሚያዝያ 1989 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነጻ ሆነው ለመሥራት ቡድኑን መሠረቱ። ሁለት ወር ብዙም ሳያልፍ፣ ሰኔ 30 ቀን 1989፣ ዑመር አል በሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። አዲሱ አገዛዝ ማኅበራትን ሲያግድ ቡድኑም አብሮ ታገደ፤ እንደገና መመዝገብ የቻለው በ2005 ነው።

ከቡድኑ ውጭ የሚጠቀሱት ሁሴን ሸሪፍ ናቸው። በ1934 በኦምዱርማን ተወልደው በለንደን ሥዕል የተማሩት ሸሪፍ፣ ወደ ፊልም የመጡት ከሥዕል ሸራ ነው። በ1975 የሠሩት «የአምበር መፈናቀል» በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሱዋኪን ፍርስራሾች መካከል የተቀረጸ ነው። ሱዋኪን በባሕር ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ያሏት የጥንት ወደብ ስትሆን፣ ፖርት ሱዳን ስትሠራ ንግዱ ጥሏት ሄደ። ሸሪፍ ይህን ታሪክ በተራኪ አላስረዱም፤ ፍርስራሹንና በፍርስራሹ መካከል የሚያልፉ ሰዎችን አሳዩ።

ሥራዎቹ

ከሻዳድ ሥራዎች ይበልጥ የሚታወቀው በ1981 የተሠራው «ጀመል» ማለትም ግመል ነው። ርዝመቱ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ታሪኩ በጠባብና ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ የሰሊጥ መጭመቂያ እያዞረች ዘይት የምታወጣ የአንዲት ግመል ሕይወት ነው። ግመሏ ትዞራለች፤ እንጨቱ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዘይቱ ይወርዳል። ፊልሙ ስለ ጭቆና አንድም ቃል አይናገርም። ተመልካቹ ዙሩን ደጋግሞ ሲያይ፣ መጀመሪያ ሥራ መስሎ የታየው ነገር ቀስ በቀስ እስር ሆኖ ይታየዋል። ይህ ለውጥ የሚመጣው በማብራሪያ ሳይሆን በመደጋገሙ ነው፤ ስለዚህ ከዙሩ ግማሹ ቢዘለል የፊልሙ ሐሳብም አብሮ ይዘለላል።

በ1985 የወጣው «አል ሃቢል» (ገመዱ) ሁለት ዓይነ ስውራንን ከአንዲት አህያ ጋር በበረሃ ያስጉዛል። ተመልካቹ የሚያየውን ተጓዦቹ አያዩም፤ ሠሪው ውጥረቱን የሚያነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። በ1994 የተሠራው «ኢንሳን» (ሰው) ደግሞ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣን ሰው እንግድነት በድምፅና በምስል ያሳያል። ሻዳድ ገና ተማሪ ሳሉ በ1964 በጀርመን ጫካ የቀረጹት «የአደን ጉዞ» ስለ ዘረኝነት የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን፣ መልኩን የወሰደው ከአሜሪካ የካውቦይ ፊልሞች ነው።

የኤልጣይብ ማህዲ «አድ ደሪህ» (መቃብሩ፣ 1977) ድውያንን እፈውሳለሁ የሚልን ሰው ይከተላል። «አል ማሐጣ» (ጣቢያው፣ 1989) ደግሞ ካርቱምን ከፖርት ሱዳን በሚያገናኘው መንገድ መስቀለኛ ላይ ቆሞ በመኪናም በእግርም በረሃውን የሚያቋርጡ ሰዎችን ያሳያል። የሱሌይማን ኤልኑር «ምድር ግን ትዞራለች» (1978) በደቡብ የመን የሚገኝን ትምህርት ቤት ዕለታዊ ኑሮ ይቀርጻል፤ በቀጣዩ ዓመት የሠሩት «አፍሪካ፣ ጫካ፣ ከበሮና አብዮት» የሶቪየት ሰዎች ስለ አፍሪካ በአእምሯቸው የያዙትን ሥዕል ይመረምራል።

ለኢትዮጵያውያን ተመልካቾች የዚህ አሠራር ቅርብ ምሳሌ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ነው። በጥቁርና ነጭ በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸው ይህ ፊልም የጭሰኛውን ድካም በእርሻው በራሱ ፍጥነት ያሳያል፤ ተመልካቹ የሚረዳው ስለ ድካሙ ተነግሮት ሳይሆን አብሮ ቆይቶ ነው።

የጃፓን ዘመዶቻቸው

በቀስታና በመደጋገም የሚናገር ፊልም በሌሎች አገሮችም ጠንካራ ልማድ አለው፤ የጃፓኑ ከሁሉ ይጠቀሳል። ካኔቶ ሺንዶ በ1960 የሠሩት «እርቃን ደሴት» ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ውኃ በሌለባት ትንሽ ደሴት የሚኖሩ ባልና ሚስት ከማዶ በጀልባ ውኃ ይቀዳሉ፣ በትከሻቸው ተሸክመው ገደሉን ይወጣሉ፣ ማሳቸውን ያጠጣሉ፤ ነገም እንዲሁ። ፊልሙ በ1961 በሞስኮ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተካፈለ። የሂሮሺ ተሺጋሃራ «የአሸዋዋ ሴት» (1964) ደግሞ በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ የተያዘ ሰው ቤቱ እንዳይቀበር ሌሊት ሌሊት አሸዋ ሲዝቅ ያሳያል። በ1961 የተቋቋመው አርት ቲያትር ጊልድ እንዲህ ያሉትን ከተለመደው ወጣ ያሉ ፊልሞች በማሳየት ጀምሮ፣ በኋላ በአነስተኛ ገንዘብ ራሱ ማሠራት ቀጠለ፤ በ1969 የወጣው የቶሺዮ ማትሱሞቶ «የጽጌረዳ ቀብር ሰልፍ» ከእነዚህ አንዱ ነው።

ውኃ ተሸካሚዎቹና የሰሊጥ መጭመቂያዋ ግመል በአንድ መንገድ ይናገራሉ። ልዩነቱ በሥራዎቹ ዕድል ላይ ነው። የጃፓኖቹ ፊልሞች ከኋላቸው የተደራጀ ቤተ መዛግብትና ተከታታይ የዲስክ አሳታሚዎች ነበሯቸው፤ የካርቱሞቹ በጥቂት ሰዎች ትጋት ተርፈዋል።

ከሸራ ወደ ዲስክ

ከ1989 በኋላ የካርቱም ሲኒማ ቤቶች ተዳከሙ፤ የመንግሥት የሲኒማ ድርጅት ፈረሰ፤ ጣሪያ የሌላቸው ሰፋፊ አዳራሾች አንድ በአንድ ተዘጉ። የፊልም ጥቅሎቹም ለአደጋ ተጋለጡ። የፊልም ጥቅል የሚወደው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ነው፤ በሙቀት ሲቆይ መደቡ የሆምጣጤ ሽታ እያወጣ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይገረጣል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ይህ ጥፋት ይፋጠናል።

በበርሊን የሚገኘው የአርሰናል የፊልምና የቪዲዮ ጥበብ ተቋም የቡድኑን ሥራዎች በዲጂታል አድሶ በዲስክ አሳተማቸው፤ የታደሱት ፊልሞችም በ2019 በበርሊን ፌስቲቫል ታዩ። በዚያው ፌስቲቫል የሱሃይብ ጋስመልባሪ ዘጋቢ ፊልም «ስለ ዛፎች ማውራት» ተሸለመ። ይህ ፊልም ሻዳድ፣ ኤልኑር፣ ማህዲና የቡድኑ ባልደረባ መናር አል ሂሎ በኦምዱርማን የተዘጋውን «አብዮት» ሲኒማ ቤት ለአንድ ምሽት እንኳ ለመክፈት ያደረጉትን ጥረት ይከተላል። ፈቃዱን አላገኙም።

ዕድሳቱ የሚጀምረው የፊልሙን ጥቅል በመጠገንና በማጽዳት ነው። ከዚያ በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎች ያሉት ፊልም ምስል በምስል በስካነር ይነበባል፤ አቧራና ጭረት ይለቀማል፤ ብርሃንና ቀለም ይስተካከላል፤ ድምፁ ለብቻው ይገለበጣል። ጥሩ አዳሽ የፊልሙን የተፈጥሮ ቅንጣት አያጠፋም፤ ቅንጣቱ ከጠፋ የሰው ፊት እንደ ሰም ይለሰልሳል።

ዲስኩ እንዴት ይሠራል

ዲቪዲ በጃፓን በ1996 ለገበያ የቀረበ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዲስክ ነው። መረጃው በጥቃቅን ጉድጓዶች ተጽፎ ከመሐል ወደ ዳር ይጠመዘዛል፤ ማጫወቻው በቀይ ሌዘር ያነበዋል። ባለ አንድ ንብርብሩ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለቱ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። ከእርሱ በፊት በአዲስ አበባም በካርቱምም ቤቶች የገባው ቪሲዲ መደበኛ ሲዲ ላይ የተጻፈ ሲሆን ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ ዲቪዲ በፓል ሥርዓት 720 በ576 ነጥብ አለው።

ልዩነቱ ለጥበብ ፊልም ትልቅ ነው። ምስሉ ዲስክ ላይ እንዲገባ ይጨመቃል፤ የጭመቃው ስልት ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ያልተለወጠውን ትቶ የተለወጠውን ብቻ መያዝ ነው። አሸዋ፣ አቧራና ጢስ በየቅጽበቱ ስለሚለወጡ ለጭመቃ ከሁሉ ያስቸግራሉ። በደካማ ቅጂ በረሃው ወደ ካሬ ካሬ ቁርጥራጭ ይለወጣል፤ ጨለማው ክፍልም ግመሏን ይውጣታል።

ሌላው ልዩነት ፍጥነት ነው። ሱዳንም ኢትዮጵያም የሚጠቀሙት ፓል በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል። የ24 ምስሉ ፊልም ወደ 25 ሲዛወር በ4 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ የ100 ደቂቃ ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል። ዲስክ በቀጠና ሊቆለፍም ይችላል፤ ሱዳንና ኢትዮጵያ በቀጠና 5 ሲሆኑ አብዛኛው አውሮፓና ግብፅ በቀጠና 2 ናቸው። ስለዚህ ከውጭ ዲስክ ሲገዛ «ሁሉም ቀጠና» የሚለውን ምልክት ወይም ማጫወቻው ሁሉን የሚቀበል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ዲስክ ኢንተርኔት አይፈልግም። በሰኔ 2019 በካርቱም ከተፈጸመው የሰልፈኞች ግድያ በኋላ መንግሥት ኢንተርኔቱን ለአንድ ወር ገደማ ሲዘጋ፣ በኔትወርክ ላይ የተመሠረተ እይታ ለአብዛኛው ሰው ቆሞ ነበር፤ ባትሪ ያለው ላፕቶፕና አንድ ዲስክ ግን ይሠራሉ።

በቤት ውስጥ ማየት

ሲኒማ ቤት ለተመልካቹ የሚያደርግለትን በቤት ተመልካቹ ራሱ ያደርገዋል። መጀመሪያ የምስሉ ቅርጽ ነው። ከቆዩት ፊልሞች ብዙዎቹ ወደ ካሬ የሚቀርብ ቅርጽ ስላላቸው፣ ሰፊው ቴሌቪዥን ወደ ጎን ሲለጥጣቸው ሰዎቹ ይወፍራሉ፣ የምስሉም ሚዛን ይፈርሳል። ቴሌቪዥኑን 4 ለ 3 ላይ ማድረግና በግራና በቀኝ የሚቀሩትን ጥቁር ክፍሎች መተው ይገባል። ቀጥሎ ብርሃን ነው፤ መብራት ከማያ ገጹ ፊት ሲሆን ጨለማ ምስሎች አይታዩም። ሦስተኛው ድምፅ ነው። ንግግር በሌለው ፊልም የእንጨት ጩኸት፣ ንፋስና ኮቴ የተዋናይን ቦታ ይይዛሉ፤ የቴሌቪዥኑ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ስለሚያጠፋቸው የተሻለ ማጉያ ወይም ጆሮ ማዳመጫ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ሪሞቱ ነው። ማቆሚያና ማፍጠኛ ቁልፍ በጊዜ ርዝመት ለሚናገር ፊልም ጠላቶቹ ናቸው። ሩብ ሰዓት የሚወስድን ፊልም ሳያቋርጡ ማየት፣ ካበቃ በኋላ ደግሞ ከመጀመሪያው መድገም ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። በመጀመሪያው እይታ ዓይን ታሪክ ይፈልጋል፤ በሁለተኛው የካሜራውን ቦታ፣ የድምፁን መግቢያና የምስሎቹን ቅደም ተከተል ያስተውላል። ማቆሚያው ጠቃሚ የሚሆነው በሦስተኛው እይታ፣ አንድን ትዕይንት ለመመርመር ነው።

አያያዝ

ዲስክ የሚጎዳው በጭረት፣ በሙቀትና በፀሐይ ነው። ሲጸዳ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረጋል፤ በክብ መጥረግ ጭረቱን ከመረጃው መስመር ጋር ስለሚያስኬደው ንባቡን ያበላሻል። የሚቀመጠው በሳጥኑ ውስጥ ቆሞ፣ ከመስኮት ርቆ ነው። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ በቤት ከተቀዳው ይበልጥ ይቆያል፤ የሚቀዳው ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ስለሆነ ሙቀትና ብርሃን ቀስ በቀስ ያጠፉታል።

አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ ግን ማቆየት አይደለም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም የጀመረው ጦርነት ቤቶችን፣ ቢሮዎችንና የባህል ተቋማትን አወደመ፤ ብዙ ነዋሪዎች የያዙትን ጥለው ወጡ። የቡድኑ ፊልሞች ቀድመው በሌላ አገር በመታደሳቸውና በዲስክ በመባዛታቸው በአንድ ከተማ ዕጣ ላይ ብቻ አልተንጠለጠሉም። የፊልም ክበብ፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ዲስክ ሲይዝ ደንቡ አንድ ነው፤ ዋናው ይቀመጣል፣ መብቱ በሚፈቅደው መጠን ይዘቱ በሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፣ ሁለቱም በተለያየ ቦታ ይጠበቃሉ።