የእንጆሪ ጁስ ደም ይተካል ወይ?

ዛሬ የማወራችሁ ቤት ውስጥ ስለሚፈጨው የእንጆሪ ጁስ ነው። መሀል ላይ ቡናም መግባቱ አይቀርም፤ ያለሁት ጅማ ነው።

በቅርቡ ከአጋሮ መስመር የመጣች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር እህት አየሁ። "ይደክመኛል፣ ትንሽ ስራመድ ልቤ ይመታል፣ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል" አለችኝ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጌ ሳየው ነጥቷል። ሄሞግሎቢኗ ሲመረመር 8 ሆነ። በእርግዝና ጊዜ ከ11 በታች ከወረደ ደም ማነስ አለ እንላለን። "የሚሰጥሽን የብረት ኪኒን እየወሰድሽ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። እሷ ዝም አለች፣ የመለሱልኝ አማቷ ናቸው። "ኪኒኑ ሆዷን አድርቆ አስቸገራት። እሱን ትተን እንጆሪ እየፈጨን ነው የምንሰጣት። ቀይ ነገር ደም ይሆናል አይደል ዶክተር?"

መቆጣት አልቻልኩም። እንጆሪ እዚህ እንደ አቮካዶ ከየጓሮው የሚለቀም አይደለም። በትንሽ ፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ባሏ በስንት ብር እየገዛ እንደሚወስድላት መገመት አይከብድም። ቤተሰቡ በሙሉ ለእሷ እየለፋ ነው። የቀረው ኪኒኑ ብቻ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ብርጭቆ ጁስ የሚወጣው 150 ግራም ገደማ እንጆሪ ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊግራም እንኳን አይሞላም። አንዲት ነፍሰ ጡር በቀን ወደ 27 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ያንን ከእንጆሪ ብቻ ላግኝ ብትል በየቀኑ ከ6 ኪሎ በላይ መብላት ሊኖርባት ነው! ቀዩ ቀለም ከደም ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እንጆሪን የሚያቀላው አንቶሳያኒን የሚባል የተክል ቀለም ነው፤ ደማችንን የሚያቀላው ደግሞ ብረት የተሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። የቀይ ስር ጁስም ታሪኩ ያው ነው።

ታዲያ እንጆሪው ከንቱ ነው? አይደለም። ያው 150 ግራም ወደ 85 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለው። በእንጀራ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት አንጀታችን በቀላሉ አይቀበለውም። ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲገባ ግን የሚገባው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ የእንጆሪ ጁስ ቦታው ከምሳ ወይም ከእራት ጋር ነው። ለብቻው አስር ሰዓት ላይ ቢጠጣ ይጣፍጥ ይሆናል እንጂ ምስሩን አያግዘውም። በወተት የምትመቱት ደግሞ፣ የወተቱ ካልሲየም የብረቱን መግባት ስለሚቀንስ፣ ለዚህ ዓላማ በውሃ ይሁን።

አሁን ቡናው። ያቺ እህት ምሳ እንደበላች አቦል ይቀርባል፣ ቶናው ይከተላል፣ በረካም አይቀርም። ቡናም ሻይም ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ቡና አትጠጡ ብዬ ጅማ ላይ የምኖር አይመስለኝም። ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ወይም ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ይጠጣ ነው የምለው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ሲኒውም ይቀነስ። የብረት ኪኒንም በቡና፣ በሻይ ወይም በወተት አይዋጥም።

ወደ አሠራሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ስህተት አያለሁ። በነገራችን ላይ በየአጥሩ እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ የሚበቅለው፣ በኦሮምኛ ጎራ የሚባለውም እንጆሪ ነው፤ እኔ የማወራው ግን ሱቅ ስለሚሸጠው ስትሮበሪ ነው። ይሄ ፍሬ መሬት ተጠግቶ ይበቅላል፣ አይላጥም፣ አይበስልም። ፍሳሽ የነካው መስኖ ከጠጣ ወይም ያልታጠበ እጅ ከለቀመው ጃርዲያና አሜባ ሊመጣበት ይችላል። የድመት ዓይነ ምድር ከነካው አፈር ደግሞ ቶክሶፕላዝማ አለ፤ እሱ ለጽንስ አደገኛ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሻገተውንና የፈረሰውን አውጥታችሁ ጣሉ። አረንጓዴውን ቆብ ሳትነቅሉ በሚወርድ ውሃ አንድ በአንድ እያሻሻችሁ እጠቡ፤ ቆቡን ቀድማችሁ ካነሳችሁት ቆሻሻው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው አይጠቅምም፣ አንዱ ሌላውን ይበክላል። በሳሙናና በበረኪናማ ፍሬ አይታጠብም፤ በበረኪና የሚያጥቡ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው የምናገረው። የቧንቧውን ውሃ ካላመናችሁት የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አድርጉት። የሚፈጭበት ውሃም የፈላ ይሁን፤ አሜባና ጃርዲያ በተለመደው የክሎሪን መጠን በቀላሉ አይሞቱም። ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ቢሆንም ተንፈቅፍቆ አንድ ደቂቃ ከቆየ በቂ ነው። በረዶ የምትጨምሩ ከሆነ በረዶውም ከዚያው ውሃ ይሠራ።

ሌላው የሚረሳው መፍጫው ነው። ከስለቱ ስር ያለችውን ጎማ ፈታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የራሴን ፈትቼ ካየሁ በኋላ ለሳምንት ጁስ አስጠልቶኝ ነበር። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ይፈታ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ።

አንድ ብርጭቆ እንጆሪ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ቢጎመዝዛችሁ ግማሽ የበሰለ ሙዝ፤ ይሄው ነው። አታጥልሉት፣ አሰሩ ለሆድ ድርቀት ይጠቅማል፤ ያቺ እህት ደግሞ ችግሯ እሱ ነበር። ስኳር አያስፈልግም። የተፈጨ ፍሬ ስኳሩ ፈጥኖ ሊገባ ስለሚችል የስኳር ሕመም ያለባችሁ ፍሬውን እንዳለ ብሉት። የጅማ ማር ለአዋቂ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢገባ ችግር የለውም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማርም ጁስም አይሰጥም። ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራችሁን ካቃጠላችሁ ከምግብ ጋር አድርጉት። አፍ አካባቢ ሽፍታ ወይም እብጠት ካመጣባችሁ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል አቁሙ፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። እንደተፈጨ ይጠጣ፣ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይደር። መብራት ሲሄድ ሲመጣ የዋለ ፍሪጅም ፍሪጅ አይደለም።

የዚያች እህት ነገር በጁስ ብቻ አላለቀም። የሰገራ ምርመራ አሠራንላት፣ ሁክዎርም የሚባለው ትል ተገኘ። ይሄ ትል እርጥብ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲኬድ በቆዳ ይገባና አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። ቡና ለቀማ ላይ ጫማ አታደርግም ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ከላይ እንጆሪ ይገባል፣ ከታች ትሉ ይጠጣል። ለእርግዝናዋ የሚስማማ የትል መድኃኒት ታዘዘላት። የብረት ኪኒኑን ማታ ከምግብ በኋላ እንድትወስድ፣ ውሃ እንድታበዛ፣ ሰገራዋ ቢጠቁርም እንዳትደነግጥ ተነጋገርን። እናንተም በሐኪም የታዘዘ የብረት ኪኒን ካስቸገራችሁ ተመለሱና ንገሩን፤ አወሳሰዱ ይስተካከላል።

ከወር በኋላ ስትመጣ 9.4 ደርሳለች። አማቷ አሁንም አብረዋት ናቸው። "ዶክተር፣ እንጆሪው ግን ተወደደብን፣ ምን ይሻላል?" አሉኝ። ግቢያችሁ ውስጥ ዘይቱን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ሞልቷል፣ ወድቆ ወድቆ ለከብት ነው የምንሰጠው" አሉ። ዘይቱን በ100 ግራም ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ከእንጆሪ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። አማቷ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥለው ወደ ምራታቸው አዩና ሳቁ። "በል እንግዲህ፣ ከብቶቹ ይቅርባቸው!"