አንድ ፊደል ሲቆረጥ፦ ገመድ አልባ መነጋገሪያን በወለጋ ከተሞች ስለመትከልና ስለመገልገል

(በነቀምት ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ገመድ አልባ መነጋገሪያ ተክዬ ነበር። በሙከራው ቀን አንዲት ነርስ በሕፃናት ክፍል፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ሠራተኛ ደግሞ የኦክስጅን ሲሊንደሮች በሚቀመጡበት ቤት ነበሩ። ሠራተኛው ሲሊንደር ሊቀይሩ ተነሥተው «ልዝጋው ወይ?» ሲሉ በሬዲዮ ጠየቁ። ነርሷ ሕፃን ልጅ በኦክስጅን ላይ ስለ ነበረ በጥድፊያ ቁልፉን ተጭና «አይዝጉት!» አለች። እሳቸው ግን የሰሙት «ይዝጉት» የሚለውን ነበር፤ ዘጉትም። ነርሷ በውኃ መያዣው ጠርሙስ ውስጥ የሚንቦለቦለው አረፋ ሲቆም አይታ ሰው አስሮጠች፤ ወዲያውም ተከፈተ። ሕፃኑ አልተጎዳም። እኔ ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለቱም ሰዎች አልተሳሳቱም። እሷ የተናገረችው ትክክል ነበር፤ እሳቸውም የሰሙትን ፈጸሙ። በመካከላቸው የጠፋችው «አ» የምትባል አንዲት ፊደል ናት። የዛሬው ገለጻዬ ያቺ ፊደል የት እንደ ቀረች የሚያስረዳ ነው። አስቀድሜ ሐሳቤን ላስቀምጥ፦ የመነጋገሪያ ሥርዓት ተከላ የሚያልቀው አንቴናው ሲቆም አይደለም፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉ ሰዎች የንግግር ልማዳቸውን ከመሣሪያው ጠባይ ጋር ሲያስማሙ ነው።

ለምን ያስፈልጋል?

ገመድ አልባ መነጋገሪያ ስል በአንድ ተቋም ግቢ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች የስልክ ድርጅትን መረብ ሳይጠቀሙ በቀጥታ የሚነጋገሩበትን ሥርዓት ማለቴ ነው። በተለምዶ ዎኪቶኪ የምንለው የእጅ ሬዲዮ፣ በሕንፃ ውስጥ የሚሠራው ገመድ አልባ ኢንተርኮም፣ በጥበቃ ቤት የሚቀመጠው ቋሚ ሬዲዮ ሁሉም በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ።

«ሞባይል እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል። ለዚህ አካባቢ ነዋሪ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደ ነበር የምታስታውሱት ነው። የሩቁን ግንኙነት ለመመለስ የአንድ ተቋም አቅም አይበቃም። ነገር ግን ከማዋለጃ ክፍል እስከ ጄነሬተር ቤት፣ ከድንገተኛ ክፍል እስከ አምቡላንስ ማቆሚያ ያለው የ200 ሜትር መንገድ በሩቅ ከተማ ባለ ማዕከል ላይ የተመሠረተ መሆን የለበትም።

መጀመሪያ ፈቃድ

ከመሣሪያው በፊት ወረቀቱ ይቀድማል። የሬዲዮ ሞገድ የአገር ሀብት ነው፤ እንደ ወንዝ ውኃ አንዱ ያለ ልክ ከቀዳው ሌላው ይቸገራል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፍሪኩዌንሲ የመመደብና የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። ከገበያ የተገኘ ሬዲዮ በፋብሪካ የተሞሉ ቻናሎች ስላሉት ብቻ በእነዚያ መናገር ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ የሌላ አገር ሕግ የሚፈቅደው ቻናል በእኛ አገር ለፖሊስ ወይም ለአቪዬሽን የተሰጠ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ጸጥታ በተጓደለበት ጊዜ መገናኛ ሬዲዮ ይዞ የሚገኝ ሰው በጥርጣሬ ሊታይ ይችላልና፣ እያንዳንዱ ሬዲዮ የተቋሙ ስም ይለጠፍበት፤ ከግቢ ባይወጣ ይመረጣል፤ የሚወጣ ከሆነም የፈቃዱ ቅጂ አብሮ ይሂድ።

መሬቱን ማንበብ

ሁለተኛው ሥራ መሬቱን ማንበብ ነው። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ግምቢ ስንጓዝ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ እንወርዳለን፤ ከዚያም ተመልሰን እንወጣለን። ተማሪዎቼ «ሸለቆው ሞገዱን ይውጠዋል» ይሉኛል። ነገሩ ተቃራኒ ነው።

በእጅ ሬዲዮዎች የምንጠቀምባቸው ሞገዶች በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ይጓዛሉ። ምድር ክብ ስለ ሆነች የአንድ አንቴና አድማስ በኪሎ ሜትር ሲለካ፣ የከፍታው ሜትር ካሬ ሥር በ4.12 ተባዝቶ የሚገኘው ያህል ነው። 25 ሜትር ከፍታ ያለው ምሰሶ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል፤ በ1.5 ሜትር ከፍታ የተያዘ የእጅ ሬዲዮ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ያህል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ሁለቱ እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊተያዩ ይችላሉ ማለት ነው። መተያየት ግን ከመሰማማት ይለያል፤ ዛፍ፣ ግድግዳና የባትሪ አቅም ከዚህ ብዙ ይቀንሳሉ።

አሁን ወደ ሸለቆው እንመለስ። ከነቀምት እስከ ግምቢ በቀጥታ መስመር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት መካከል የምድር ክበት የሚያነሣው ጉብታ ወደ 95 ሜትር ይሆናል። ሸለቆው ከሁለቱ ደጋዎች በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ሌላ ሸንተረር እስካልጋረደ ድረስ ሞገዱ እንደ ድልድይ ከላዩ ያልፋል። የሚቸገረው ከታች በወንዙ ዳር የቆመው ሰው ነው። እንግዲህ ጠላታችን የራቀው ሸለቆ ሳይሆን ከአጠገባችን ያለው ጉብታ ነው። አባቶቻችን ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ሲጠራሩ ከፍ ያለ ቦታ ፈልገው ይቆሙ የነበረውም በከንቱ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ኃይል ከመጨመር ይልቅ አንቴና ከፍ ማድረግ የተሻለ መሆኑን ነው። በገላጣ ቦታ ርቀትን በእጥፍ ለማሳደግ ኃይልን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የ5 ዋት ሬዲዮ 20 ዋት መሆን አለበት። ምሰሶን ከፍ ማድረግ ግን ባትሪ አይበላም።

በግቢው ውስጥ

ለግቢ አገልግሎት ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ካለው ቪኤችኤፍ ይልቅ ከ400 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ያለውን ዩኤችኤፍ እመርጣለሁ። በ150 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ሲሆን፣ በ450 ሜጋኸርዝ 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አጭሩ ሞገድ በመስኮትና በበር ክፍተት በቀላሉ ይገባል። ቪኤችኤፍ በበኩሉ በዛፍና በኮረብታ መካከል ለሚጓዝ መኪና ይሻላል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ፣ እንደ ስልክ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ የሚነጋገሩበት ኢንተርኮም ደግሞ በ1.9 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው ዴክት የተባለው ሥርዓት አለ፤ ነገር ግን በግድግዳዎች መካከል ክልሉ 50 ሜትር ገደማ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየኝ ጥፋት በኬብል ላይ ነው። ጥሩ ሬዲዮና ጥሩ አንቴና ተገዝቶ በመካከላቸው ቀጭን ርካሽ ኬብል ይዘረጋል። በ450 ሜጋኸርዝ እንዲህ ያለው ኬብል 30 ሜትር ሲሆን ከተላከው ኃይል ከአሥር ዘጠኙ እጅ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ከ10 ዋት ለአንቴናው የሚደርሰው 1 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ኬብሉ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ መጋጠሚያው ውኃ እንዳይገባበት ይታሸግ። የወለጋ ክረምት ረጅም ነው፤ መብረቁም አይታመንምና ምሰሶው ከመሬት ጋር በወፍራም መዳብ ይያያዝ፤ የመብረቅ መከላከያም በኬብሉ መግቢያ ላይ ይገጠም።

መብራት በሚጠፋበት ሰዓት መነጋገሪያው ከምንጊዜውም ይልቅ ይፈለጋል። ስለዚህ ቋሚው ሬዲዮ በባትሪ ላይ ሆኖ፣ መብራቱ ወይም የፀሐይ ኃይሉ ባትሪውን ብቻ ይሙላ። ለእያንዳንዱ የእጅ ሬዲዮም አንድ ትርፍ ባትሪ ይዘጋጅ።

የጠፋችው ግማሽ ሰከንድ

አሁን ወደዚያች «አ» እንመለስ። ባትሪ እንዳይባክን ብዬ የሬዲዮዎቹን ባትሪ ቆጣቢ አብርቼ ነበር። ይህ ስልት ተቀባዩን በየመካከሉ ያስተኛዋል፤ ሞገድ ሲመጣ እስኪነቃ ጥቂት ይቆያል። በተጨማሪም የጎረቤት ድምፅ እንዳይገባ ከንግግሩ ሥር የሚላክ ዝቅተኛ መለያ ድምፅ አስገብቼ ነበር፤ ተቀባዩ ያንን እስኪለይ ደግሞ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋሉ። ፈጥኖ የሚናገር ሰው በአንድ ሰከንድ አምስት ያህል ቀለማት ያወጣል፤ ስለዚህ በዚያ ክፍተት አንድ ወይም ሁለት ቀለም ይጠፋል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው።

ሌላ ቋንቋ ቢሆን ጉዳቱ ባነሰ ነበር። በአማርኛ ግን የትእዛዝ ማፍረሻው ከፊት ነው፤ ከኋላ ምንም ምልክት አይተውም። «አትላክ» ከፊቱ ሲቆረጥ «ላክ» ይሆናል፤ «አትክፈቱ»፣ «ክፈቱ»። አክብሮት ሲጨመርማ ነገሩ ይብሳል፤ «አይዝጉት» እና «ይዝጉት» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። በአፋን ኦሮሞ «ዴሚ» ሂድ ማለት ሲሆን «ሂን ዴሚን» አትሂድ ማለት ነው፤ ከፊት ያለው «ሂን» ቢቆረጥ እንኳ ከኋላ «ን» ይቀራል። ተናጋሪው ቁልፉን ቶሎ ከለቀቀ ግን እሷም ትጠፋለች። ቁልፍን ቶሎ መልቀቅ በአማርኛም ያሳስታል፤ «ሰባት» ያለ ሰው «ሰባ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። በመድኃኒት መጠን ላይ ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልነግራችሁም።

የአነጋገር ሥርዓት

ከዚያ ቀን በኋላ ባትሪ ቆጣቢውን አጠፋሁ። ከመሣሪያው ይልቅ የለወጥኩት ግን አነጋገሩን ነው። አንደኛ፣ ቁልፉን ተጫን፤ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ቆይተህ ተናገር፤ ጨርሰህም ጥቂት ቆይተህ ልቀቅ። ሁለተኛ፣ ዘወትር በስም ወይም በክፍል ጀምር፦ «ጋሼ፣ ኦክስጅን ቤት»። ይህ ወግ ብቻ አይደለም፤ የሚቆረጥ ነገር ካለ የሚቆረጠው ስሙ ይሁን፤ ትእዛዙ ይትረፍ። ነርሷ በዚያች ጥድፊያ የዘለለችው ይህንኑ የዘወትር አክብሮታችንን ነበር። ሦስተኛ፣ በአፍራሽ ግሥ አትዘዝ። «አይዝጉት» በማለት ፈንታ «ክፍት ይቆይ» በል። አራተኛ፣ ቁጥርን በየአሃዙ ተናገር፤ ሰባ ለማለት «ሰባት፣ ዜሮ»። አምስተኛ፣ ሰሚው የሰማውን ይድገም፤ ተናጋሪው «ትክክል» ሳይለው እጁን አያንሣ።

ስድስተኛው የምሥጢር ነገር ነው። መለያ ድምፁ ጎረቤትን ከእኛ ጆሮ ይከለክላል እንጂ እኛን ከጎረቤት ጆሮ አይሸሽግም። ተመሳሳይ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ የሕመምተኛ ስምና የሕመሙ ዓይነት በአየር ላይ አይነገርም፤ የአልጋ ቁጥር ይበቃል።

በመጨረሻም፣ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል። ሁለት ሰው ቁልፍ ሲጫን ሦስተኛው የሚሰማው ጩኸት ነው። ስለዚህ ከመጫንህ በፊት አዳምጥ፤ ድንገተኛ ነገር ያጋጠመው ሰው ሲጠራ ሌላው ሁሉ ዝም ይበል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ በሻምቡ፣ በነጆ፣ በመንዲ ወይም በደምቢ ዶሎ እንዲህ ያለ ሥርዓት የምትተክሉ ትኖራላችሁ። ሥራውን ስታስረክቡ የምሰሶውን ከፍታና የሬዲዮውን ዋት በሰነዱ ላይ እንደምትጽፉ አልጠራጠርም። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ፦ ርክክቡን ከመፈረማችሁ በፊት የጥበቃ ሠራተኛውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋንና ነርሷን በየቦታቸው አቁማችሁ «አይዝጉት» አሰኟቸው፤ በሌላው ጫፍ የተሰማውንም ጠይቁ። መልሱ «ይዝጉት» ከሆነ ሥራችሁ ገና አላለቀም።