የቢቂላል ብረት ስንት ሰው ይቀጥራል?

በነቀምቴና በጊምቢ የብረት ማዕድን ነገር በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ተስፋ አለ። ማዕድኑ ወጥቶ ፋብሪካ ከተተከለ ሺዎች ሥራ ይይዛሉ፣ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ የቦታ ዋጋም ይወጣል የሚል ነው። በዚህ ተስፋ ገንዘቡን መሬት ላይ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ግን አስቀድሞ አንድ ስሌት ቢሠራ አይከፋም።

ስለ ማዕድኑ መኖር ክርክር የለም። ከጊምቢ ብዙም በማይርቀው በቢቂላል ያለውን የብረትና የፎስፌት ክምችት የኢትዮጵያና የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደርግ ዘመን በጋራ አጥንተውታል። በነጆና በአርጆ አካባቢም የድንጋይ ከሰል መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቶን ብረት ለማምረት 10 የሠራተኛ ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። አሁን ወደ 2 ሰዓት ወርዷል። አንድ ሠራተኛ በዓመት 2,000 ሰዓት ይሠራል ቢባል፣ በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ያኔ 5,000 ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዛሬ 1,000 ይበቃዋል። ለውጡን በአመዛኙ ያመጡት ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያቀልጡ አነስተኛ ፋብሪካዎች ናቸው። በእንግሊዝ ፖርት ታልቦት የመጨረሻው በከሰል የሚሠራ ትልቅ ምድጃ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የተዘጋው ለዚሁ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቦታ ለመልቀቅ ነው።

የከሰሉ ታሪክ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1920 የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች 1.2 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ በ2015 ተዘጋ። እዚያ ማሽን ብቻ ሳይሆን ገበያው ራሱ ሸሽቷል።

ወለጋ ነገሩን ከዚህ በፊት አይታዋለች። የአካባቢው ባለእጆች ድንጋዩን በወናፍና በእንጨት ከሰል እያቀለጡ ብረት ያወጡ ነበር። ርካሹ የውጭ ብረት ሲገባ ማቅለጡ ቀረ። ቀጥቃጩ ግን አልጠፋም፤ ዛሬም ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማረሻ ያወጣል።

ሌላም እንቅፋት አለ። የቢቂላል ማዕድን ታይታንየም የተቀላቀለበት በመሆኑ በተለመደው ምድጃ ለማቅለጥ ያስቸግራል። የአካባቢው ከሰልም ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ስለሆነ ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ኮክ አይወጣውም። ለሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ግን ያገለግላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ከሰል በብር ሲሰላ እጅግ ተወድዷል። የአገር ውስጥ ከሰል ዕድል ያለውም በዚህ በኩል ነው። ከውጭ ብረት የሚያስመጡት የአዲስ አበባና የቢሾፍቱ ፋብሪካዎችም ችግራቸው ይኸው ስለሆነ፣ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ቁርጥራጭ የዋዛ ሸቀጥ አይደለም።

ሥራውስ ከወዴት ይመጣል? ከጭነት። 1 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ ቢጓጓዝ 25,000 ምልልስ ይሆናል። ዓመቱ 300 የሥራ ቀን ቢኖረው በቀን ከ80 በላይ መኪና ማለት ነው። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎሚስታው፣ ማደያውና ምግብ ቤቱ ከፋብሪካው የሚበልጥ ሰው ሊይዙ ይችላሉ።

ይህም መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ወለጋ በነበረው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ጭነት መቆሙ ምን እንደሚያስከፍል የጊምቢ ቡና ነጋዴዎች ያውቁታል። ቡና መጋዘን ውስጥ ጥቂት ወራት ይታገሣል፤ በብድር የተገዛ ተሳቢ ግን ቆሞም ወለድ ይቆጥራል።