ዓይን ከስክሪኑ፣ እጅ ከታብሌቱ

ግራፊክስ ታብሌት ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ቁጥር ነው፦ «8192 የግፊት ደረጃ አለው!» ታዲያ ምን ይጠበስ? በ2048ም በ8192ም ፎቶ አርሜያለሁ፤ ጣቴ ልዩነቱን አያውቀውም። የሚጠየቀው ስፋቱና ቅርጹ ነው።

ማውስ ካለበት ተነስቶ ይገፋል፤ እስክሪብቶ ግን ያርፋል። የታብሌቱ ቀኝ ጥግ የስክሪኑ ቀኝ ጥግ ነው፣ መሃሉም መሃል። ስለዚህ 16 በ10 የሆነ ታብሌት 16 በ9 ከሆነ ስክሪን ጋር እንዲሁ ሲገጠም፣ እጃችሁ ክብ ስሎ ስክሪኑ ላይ የተጨፈለቀ ክብ ይወጣል። ድራይቨሩ ውስጥ ምጥጥኑን የምታስጠብቀውን ሳጥን ምልክት አድርጉባት፤ ከታብሌቱ ትንሽ ቦታ ይባክናል፣ ይባክን። ለፎቶ 22 በ14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው መካከለኛው ይበቃል። ትልቁ ትከሻ ይፈጃል።

«እጄን ሳላይ እንዴት ልሥራ?» የሚል ሰው ዶርዜ ወጥቶ ሸማኔ ይመልከት። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲልክ እጁን አያየውም፤ የሚያየው የሚወጣውን ጥለት ነው። ታብሌትም ይኸው ነው። ዋናው ፎቶ ድሩ፣ የብሩሹ ጭረት ማጉ፤ ኪቦርዱ ላይ ያለው ግራ እጃችሁ ደግሞ ድሩን እየረገጠ የሚከፍተው እግር። ሌየሩስ? በመደቡ ላይ የሚገባው ባለቀለም ክር ነዋ! «ኮንትሮል ዜድ»ስ? ለእሱ እንኳ ከሽመናው አቻ አጣሁለት።

ወደ ግፊቱ። አስተማሪዎቹ ሁሉ ግፊትን ከብሩሽ መጠን ጋር አያይዘው ያሳያሉ። ያ ለሥዕል ነው፤ ለፎቶ አላቁት። ግፊቱን ከፍሎው ጋር እሰሩ። ኦፓሲቲ እስክሪብቶው እስኪነሳ ድረስ ጣሪያ ያበጃል፤ ፍሎው ግን በተመላለሳችሁ ቁጥር ይደራርባል። ከቀርከሃ በተሠራ የዶርዜ ቤት ውስጥ ጥጥ ሲፈትሉ ያነሳኋቸው እናት ነበሩ፤ ብርሃኑ በበሩ ብቻ ገብቶ ግማሽ ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ቀርቷል። ፍሎውን 4 በመቶ አድርጌ የጉንጫቸውን አጥንት ተከትዬ ቀስ እያልኩ አበራሁት። የፊታቸው መስመር አንድም አልጠፋ፤ ጠይምነታቸውም እንዳለ ነው።

ይህን ማንሳቴ ያለ ነገር አይደለም። የሰርግ ፎቶ ቤቶቻችን ጠይም ሙሽራ ሁሉ ካላነጡ ሥራ የሠሩ አይመስላቸውም። ጥላን ማንሳትና ቆዳን ማንጣት ለየቅል ናቸው! ሙሽራዋ ከእህቷ ጎን ቆማ ባዕድ ስትመስል «ደንበኛ ስለሚወደው ነው» ይላሉ። ደንበኛውን ማን ጠየቀው? የነጣውንና ያልነጣውን አትመው ጎን ለጎን ያሳዩትና ይምረጥ።

ስለ ባትሪ ስትጨነቁ ለነበራችሁ፦ የብዙዎቹ እስክሪብቶ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን ከታብሌቱ መግነጢሳዊ መስክ ይቀበላል፣ ታብሌቱ ደግሞ በዩኤስቢ ከላፕቶፑ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ እስከቆየ ትሠራላችሁ። የሚያልቀው የእስክሪብቶው ጫፍ ነው። በአንድ ወገን ተበልቶ ስለት ካወጣ ታብሌቱን ይቧጭራልና ነቅላችሁ ቀይሩት፤ መለዋወጫው ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል።