መቋሚያና ሐዲድ

በድሬዳዋ መስመር ላይ ብዙ ዘመን የባቡር ምልክት ሰጭ ሆኜ ኖሬ፣ በጡረታዬ ወራት ልጄን ተከትዬ ወደ ካምፓላ በመምጣት በሜንጎ ኮረብታ ላይ የተቀመጥሁ ሰው ነኝና፣ የሰፈራችን ተማሪዎች በጂንጃ ጣቢያ ያለውን የባቡር ሙዚየም ሊጎበኙ ሲነሡ፣ መምህራቸው ስለ ሥራዬ በበጎ ፈቃድ እንዳስረዳቸው ቢለምነኝ፣ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መቋሚያዬን ይዤ አብሬ ወጣሁ።

መንገዱ ነጩን ዓባይ ያሻግራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1896 ከሞምባሳ የተጀመረው መስመር ካምፓላ የገባው ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ጂንጃ ላይ በተዘረጋው የብረት ድልድይ ተሻግሮ ነው። የእኛውም በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ ገብቷል። የሁለቱም ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነውና ወንድማማቾች ሊባሉ ይገባቸው ነበር፤ ነገር ግን ሳይተያዩ አረጁ።

ልጆቹ የፈለጉት ስለ እንፋሎቱና ስለ ጭሱ እንድነግራቸው ነበር። እኔ ግን ያን ዘመን የማውቀው ከአባቴ አፍ ነው፤ በእኔ ጊዜ የሚጎትተው ናፍጣ ነበረ። ደግሞም የምልክት ሰጭ ሥራ ከጭሱ ይልቅ ከዝምታው ጋር ነው፤ ደኅና የዋለበት ቀን የሚወራ ነገር የለውም። አንድ ሌሊት የቀጣዩ ጣቢያ መልስ እስኪመጣ ድረስ የጭነት ባቡር አቁሜ፣ ነጂው እስከ ሰባት ትውልዴ ረግሞኛል፤ መልሱም በመጣ ጊዜ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ስለዚህ የበትሩን ሥርዓት አስተማርኋቸው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ለአንድ ክፍል አንድ በትር ብቻ ይኖራል፤ እርሱን በእጁ ያልያዘ ነጂ አይገባም። ጉድለቱ ግን ሁለት ባቡር ተከታትሎ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ በትሩ ማዶ መቅረቱ ነው። በ1874 በእንግሊዝ አገር በኖርዊች አጠገብ፣ በቴሌግራም ትእዛዝ ስሕተት ሁለት ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ፊት ለፊት ተላትመው 25 ነፍሳት ካለፉ በኋላ፣ ኤድዋርድ ታየር የሚባል ብልህ ሰው በሁለቱ ጣቢያዎች ያሉትን ሣጥኖች በኤሌክትሪክ አስተሳሰረ፤ ከሁለቱ ሣጥኖች ከአንዱ አንድ የማለፊያ ምልክት ከወጣ፣ እርሱ እስኪመለስ ከሁለቱም ሌላ ጨርሶ አይወጣም። የሰው ፈቃድ ሲደክም ብረቱ እንቢ እንዲል ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ለጨዋታው በትር አልነበረንምና መቋሚያዬን ሰጠኋቸው። ለማኅሌት የተሠራ ዘንግ ለዚህ መዋሉ ጥቂት ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ማኅሌታዩም ቢሆን ያለ ተራው አይነሣም። ልጆቹ በሁለት ተከፍለው ባቡር ሆኑ፤ አንድ የጣቢያ ሹም በዚህ፣ አንዲት ሹም በዚያ። በመጀመሪያው ዙር አንዱ ባቡር በትር ሳይይዝ ሮጦ ከሌላው ጋር ተላተመና ሣቅ ሆነ። በሁለተኛው ግን ማንም አልሮጠም።

የመመለሻችን ሰዓት ደርሶ መቋሚያዬን ብጠይቅ፣ የዚያ ጫፍ ሹም የሆነችው የስምንት ዓመት ልጅ በደረቷ አቅፋ «ጃጃ (አያቴ)፣ ባቡሩ ገና አልደረሰም» አለችኝ። ዘወር ብዬ ባይ፣ ባቡር የተባሉት ልጆች በሐዲዱ መካከል ተቀምጠው ማንጎ ይበላሉ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ።