የአሮጌ ኮምቢ ራዲያተርና የጎጀብ ዳገት

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ በመካከሉ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ፣ ወንዙንም ተሻግሮ ወደ ከፋ ምድር እንደ ገና የሚወጣ በመሆኑ፣ ለመንገደኛው የደኑ ልምላሜ ደስታ ሲሆንለት ለተሽከርካሪው ግን ቁልቁለቱ ዕረፍት፣ ዳገቱ ፈተና ነው። ጭነት የበዛበት መኪና በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ፊቱን የሚመታው ነፋስ ይደክማል፤ ያ ሰዓት ደግሞ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥልበት ነውና፣ ሙቀቱ በሚበዛበት ቅጽበት ማቀዝቀዣው ያንሳል። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ጄሪካን ውኃ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም፤ ረዳቱም ኮፈን ከፍቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የፈላውን ራዲያተር ክዳን በጥቂት በጥቂቱ እያላላ ሲያስተነፍስ ማየት ለመንገዱ ደንበኛ ብርቅ አይደለም፤ ምንም እንኳ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳን መንካት ፊትን ለእንፋሎት መስጠት ቢሆን።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነኝ ሲል የኖረው የቮልስዋገን ወገን ነበረ። ፈርዲናንድ ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሕዝቡን መኪና ሲነድፍ፣ ጋራዥ የሌለው ድኻ ጀርመናዊ መኪናውን በውርጭ ደጅ ስለሚያሳድርና ውኃው በሞተሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ብረቱን ስለሚሰነጥቅበት፣ ውኃን ጨርሶ አስወግዶ ሞተሩን በነፋስ ብቻ እንዲቀዘቅዝ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤን ፖን የተባለው የኔዘርላንድ አስመጪ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የነደፈው ሣጥን መሰል ሥዕልም ለዕቃና ለሰው ማመላለሻ መነሻ ሆኖ፣ በ1950 ኮምቢ እየተባለች ዓለምን የዞረችው መኪና መመረት ጀመረች፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ሹፌሯ ከፊት ጎማ በላይ፣ ራዲያተር የሚባል ነገር ግን በሥጋዋ ላይ የሌለባት። በአዲስ አበባ ጎዳና ቮልስ እስከ ዛሬ ድረስ ዕድሜን ድል እየነሣች የምትታየው፣ አንዱ ምክንያት ይኸው የአሠራሯ ቅለት ይመስለኛል።

ታዲያ የሰው ልጅ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ከአራቱ ባሕርያት መፈጠሩን ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ሞተርም የአራቱ ባሕርያት ተዋሕዶ ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም፤ ኮምቢዋ ከአራቱ አንዱን ትታ በሦስቱ ኖረች፤ ዛሬ የአሮጌ መኪና ወዳጆች የቀረውን አራተኛ ሊጨምሩላት ይነሣሉ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው። የነባሩ ሞተር መለዋወጫ እየተወደደና እየጠፋ ሲሄድ፣ በገበያችን በብዛት የሚገኘው ባለ ውኃ ሞተር በጉልበትም በነዳጅ ቁጠባም ይበልጠዋል። ይህን ለውጥ እንደ ኑፋቄ የሚቆጥሩ ቅርስ ጠባቂዎች አሉ፤ እኔ ግን በሙዚየም ከምትቀመጥ ጻድቅ ኮምቢ ይልቅ ጅማ ደርሳ የምትመለስ መናፍቅ ኮምቢ ትሻላለች ከሚሉት ወገን ነኝ።

ደግሞም የአገራችን ከፍታ የራሱ ሕግ አለው። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር፣ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ያሉ በመሆናቸው፣ አየሩ በቦንጋ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል፣ በአዲስ አበባ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞር እንኳ በሞተሩ ላይ የሚያሳልፈው የአየር ክብደት በዚያው ልክ ያነሰ ነው። እርግጥ ነው፣ የሚተነፍሰውም አየር ስለሚሳሳ ሞተሩ ራሱ ጉልበቱ ይቀንስና ጉዳቱ በከፊል ይካካሳል። ውኃ ግን መጠኑ እኩል ከሆነ አየር ከሚሸከመው ሙቀት ከሦስት ሺሕ እጥፍ በላይ ይሸከማል፤ ሙቀቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ተቀብሎ፣ ተሸክሞ፣ ወደ ራዲያተሩ አድርሶ ለነፋስ ያስረክባል። እንግዲህ ባለ ውኃ ሞተርም ቢሆን በመጨረሻ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ይህን የዘነጋ መካኒክ ነው የራዲያተሩን ቦታ የሚያበላሸው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ለሦስተኛው የኮምቢ ትውልድ ባለ ውኃ ሞተር አበጅቶ፣ ሞተሩን ከኋላ እንዳለ ትቶ ራዲያተሩን ወደ ፊት ወሰደው፤ በብራዚልም አሮጌው የኮምቢ ቅርጽ እስከ 2005 መጨረሻ በነፋስ ሲሠራ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ 1.4 ሊትር ባለ ውኃ ሞተር ተሰጥቶት እስከ 2013 ድረስ ተመርቷል። የዚያችን የብራዚል ኮምቢ ፊት ያየ ሰው፣ ከትልቁ የፋብሪካ ምልክት በታች የተለጠፈውን ጥቁር የፍርግርግ ሣጥን አይስተውም፤ ራዲያተሩ ያለው ከእርሱ ኋላ ነው። ውበቷን ጎድቶታል፤ ቦታው ግን ትክክለኛ ነው።

አዲስ አበቤዎች በጥንቱ ታክሲ ዘመን ያወቋት የፊያት ሰይቼንቶ ሞተሯም ራዲያተሯም በአንድነት ከኋላ መሆናቸውን አንሥቶ፣ «ኮምቢዋስ ለምን እንደ እርስዋ አትሆንም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰይቼንቶ ግን ሞተሯ ትንሽ፣ ሙቀቱም ትንሽ ነበረ። ነዳጅ ከሚሰጠው ኃይል በግምት አንድ ሦስተኛው ብቻ ጎማ ሲያዞር፣ አንድ ሦስተኛው በጭስ መውጫው፣ የቀረው በማቀዝቀዣው በኩል የሚወጣ ስለሆነ፣ 50 የፈረስ ጉልበት በነበረው ሞተር ቦታ 100 የፈረስ ጉልበት ያስገባ ሰው የሚጣለውንም ሙቀት እጥፍ አድርጎታል። ያን ሙቀት በኮምቢዋ ኋላ፣ ነፋስ በማይደርስበት ጠባብ ጓዳ ውስጥ ለመጣል ቢሞከር፣ የሞቀው አየር መሄጃ አጥቶ ተመልሶ በራዲያተሩ ይገባል።

ሁለተኛው ምርጫ ከወለሉ በታች፣ በሻንሲው መካከል አጋድሞ ማሰር ነው። ቱቦው አጭር፣ ፊቷም ሳይቆረጥ የሚቀር በመሆኑ በውጭ አገር ብዙዎች ይወዱታል። ለከፋ ግን አልመክረውም። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዝናብ በማይነጥፍበት በዚያ ደናማ አገር የጎማው ፈለግ ጥልቅ፣ ቀዩ ጭቃም ተጣባቂ ነው፤ ጭቃው በራዲያተሩ ስስ ክንፎች መካከል ገብቶ በሞተሩ ሙቀት ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል፤ ነፋስም አያሳልፍ፣ በውኃ ጫናም በቀላሉ አይታጠብ። ድንጋይ ቢነካውማ ነገሩ አለቀ።

እንግዲህ የሚቀረው ግንባሯ ነው፤ እዚህ ላይ ሥራው መጠበብን ይጠይቃል። የፊቱን ላሜራ ሲቆርጡ፣ ከኋላው የሹፌሩ እግር እንጂ ሌላ መከላከያ እንደሌለ አስቦ፣ ተሸካሚውን ብረት ቆርጦ በሌላ ብረት ሳይተኩ መተው ኃጢአት ነው። ራዲያተሩ በቀጥታ በብሎን ከአካሉ ጋር አይጣበቅም፤ የመንገዱ ንዝረት መጋጠሚያውን እንዳይሰነጥቀው ከላይም ከታችም በጎሚኒ ላይ ይቀመጣል። ነፋስ ሰነፍ ነውና ቀላል መንገድ ካገኘ በጠባቦቹ ክንፎች መካከል አያልፍም፤ ስለዚህ በራዲያተሩና በፊቷ ቀዳዳ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በላሜራና በጎማ ይደፈናል። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው መውጫው ነው፦ ጭስ መውጫ የሌለው ጎጆ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ጭሱ እንደማይለቅለት፣ ከራዲያተሩ ኋላ መሄጃ ያጣ ነፋስም ከፊት መግባቱን ያቆማል፤ ስለዚህ የሞቀው አየር ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚወርድበት ሰፊ ቦይ መተው ግድ ነው።

ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ሲሆን፣ ሁለት ቱቦዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር ያህል ከወለሉ በታች ይጓዛሉ። ውስጣቸው 35 ሚሊ ሜትር ቢሆን ብቻቸውን 6 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛሉ፤ ስለዚህ የመኪናዋን የውኃ መጠን በአዲሱ ሞተር መጽሐፍ መገመት ስሕተት ነው። ጠላቱ በቱቦው ውስጥ የሚቀር አየር ነው፤ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በራዲያተሩ ራስ ተሰብስቦ ውኃውን ያግዳል፤ ሹፌሩም ጠቋሚው ሳይነግረው ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። መፍትሔው በራዲያተሩ ጫፍ ላይ ማስተንፈሻ ብሎን ማበጀት፣ የውኃውን ተጠባባቂ ዕቃ ከሁሉም በላይ ማስቀመጥ፣ በሚሞላበትም ጊዜ የመኪናዋን አፍንጫ ዳገት ላይ አቁሞ፣ ከብሎኑ አረፋ የሌለው ውኃ እስኪፈስስ ድረስ መታገሥ ነው።

ክዳኑንም መናቅ አይገባም። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በቦንጋ ከፍታ በ94 ግድም ይፈላል፤ ብዙ ሞተሮች ደግሞ በ90 ግድም ሲሠሩ የሚረኩ ስለሆኑ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ውኃውን አምቆ የሚይዘው 0.9 ባር ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ጎማው ያረጀ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ትርፍ ያስቀራል፤ ደግሞም ከመለዋወጫው ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው።

ስለ ራዲያተሩ ዓይነት የእኔ ፍርድ ለመዳብና ለነሐሱ ያደላል። አሉሚኒየሙ ከፕላስቲክ ራስ ጋር ቀላል ነው፤ ቢሰነጠቅ ግን በገጠር ከተማ የሚጠግነው ብልኃተኛ ማግኘት ከባድ ነው። መዳቡ በስታኞ ይደፈናል፤ ራሱም ተነቅሎ የተደፈኑት ቧንቧዎቹ በዘንግ ይጠረጋሉ። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ደለልና ማዕድን ስለሚያስቀምጥ፣ ጄሪካኑ ለችግር ቀን ይቀመጥ እንጂ ለዘወትር አይሁን፤ በከፋ ውርጭ ባይኖርም የፀረ በረዶው ፈሳሽ ዝገትን የሚከለክል ነውና ከንጹሕ ውኃ ጋር እኩል ተደባልቆ መግባት አለበት።

ሥራው ሲያልቅ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩን አስነሥቶ ከራዲያተሩ ኋላ የሚታሰረው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ እስኪዞር ከጠበቁ በኋላ፣ አንድ ተራ ወረቀት ወደ ራዲያተሩ ፊት ማስጠጋት ነው። በመካከል ተጣብቆ በጠርዝ ከወደቀ፣ ማራገቢያው የሚስበው ከመካከሉ ብቻ ነውና ዙሪያውን የሚሸፍን የላሜራ ቆብ ይጎድለዋል፤ በየትኛውም ቦታ ካልያዘ የማራገቢያው ሽቦ ተገልብጦ ወደ ፊት እየነፋ እንደሆነ መመርመር ነው። በሁሉም ቦታ ከያዘ ግን ሰው ሞልቶ ወደ ጎጀብ መውረድ፣ ከዚያም ወደ ጊምቦ በሚወስደው ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ጠቋሚውን እያዩ መውጣት ይቻላል።